ማይክል ፋራዴይ

ማይክል ፋራዴይ (መስከረም 13 ቀን 1784 – ነሐሴ 20 ቀን 1859 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. 1791–1867) እንግሊዛዊ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ተመራማሪ ነበር። የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ጀነሬተርና ትራንስፎርመር የሚሠሩበትን መርህ በሙከራ ያሳየ ሰው ነው። በቻርጆችና በማግኔቶች ዙሪያ ያለው ባዶ የሚመስል ቦታ ባዶ እንዳልሆነና ኃይል የሚተላለፍበት መስክ እንደሆነ ያሰበው እርሱ ነው። ይህን ሁሉ የሠራው ያለ ከፍተኛ ሒሳብ ነው። መደበኛ ትምህርቱ ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከመደመር መቀነስ ብዙም አላለፈም፤ በምርምር ጽሑፎቹም ውስጥ የሒሳብ ቀመር የለም ማለት ይቻላል።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነት

ፋራዴይ የተወለደው ዛሬ የለንደን ደቡባዊ ክፍል በሆነው በኒዊንግተን በትስ ነው። አባቱ ጄምስ ፋራዴይ ብረት ቀጥቃጭ ሲሆን ብዙ ጊዜ ይታመም ስለነበር ቤተሰቡ በችግር ይኖር ነበር። እህል በተወደደበት በ1801 ማይክል ለሳምንት የሚደርሰው አንድ ዳቦ ብቻ እንደነበር ይነገራል። ቤተሰቡ ሳንዴማኒያን የተባለ አነስተኛ የክርስቲያን ማኅበር አባል ነበር፤ ፋራዴይም እስከ ዕለተ ሞቱ ከዚህ ማኅበር አልወጣም።

በ1804፣ በ13 ዓመቱ ጆርጅ ሪቦ በተባለ የመጽሐፍ ነጋዴና ጠራዥ ቤት ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ። በዓመቱም ለ7 ዓመት የሚቆይ የጥረዛ ሙያ ልምምድ ጀመረ። ለጥረዛ የሚመጡትን መጻሕፍት ከሥራ በኋላ ያነብባቸው ነበር። ሁለቱ ሕይወቱን ቀይረውታል። አንደኛው ጄን ማርሴት ለጀማሪዎች የጻፈችው የኬሚስትሪ መጽሐፍ ነው። ሌላው በኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈው መጣጥፍ ነው። ስለዚህ ስለ ቻርጅ መጀመሪያ የተማረው ከመምህር ሳይሆን ከኢንሳይክሎፒዲያ ነው። ያነበበውንም ዝም ብሎ አልተቀበለም፤ ከጠርሙስና ከእንጨት ቁርጥራጭ በሰበቃ ቻርጅ የሚያመነጭ መሣሪያ ሠርቶ ሞከረው።

ከሃምፍሪ ዴቪ ጋር

በ1812 አንድ የሪቦ ደንበኛ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ለሚሰጡ አራት የሃምፍሪ ዴቪ ትምህርቶች መግቢያ ካርድ ሰጠው። ዴቪ በዘመኑ እጅግ ዝነኛ ኬሚስት ነበር። ፋራዴይ የሰማውን ሁሉ ጽፎ፣ ሥዕል ጨምሮበት፣ በራሱ እጅ ጠርዞ ወደ 300 ገጽ የሚጠጋውን ጥራዝ ለዴቪ ላከለት። በዚያው ወቅት ዴቪ በቤተ ሙከራ ፍንዳታ ዓይኑን ተጎዳ፤ ፋራዴይም ለጥቂት ቀናት ጸሐፊው ሆነ። የቤተ ሙከራው ረዳት በጠብ ምክንያት ሲባረር መጋቢት 1 ቀን 1813 ፋራዴይ በቦታው ተተካ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ከዴቪና ከባለቤቱ ጋር ወደ ፈረንሳይና ጣሊያን ሄደ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ጦርነት ላይ ስለነበሩ ያለፉት በናፖሊዮን ልዩ ፈቃድ ነው። ፓሪስ ላይ አምፔርን፣ ሚላኖ ላይ ባትሪን የፈለሰፈውን ቮልታን አየ። ነገር ግን የዴቪ ሚስት እንደ ረዳት ተመራማሪ ሳይሆን እንደ አሽከር ትቆጥረው ስለነበር ትቶ ለመመለስ እስከማሰብ ደርሶ ነበር።

በ1821 ሣራ ባርናርድን አገባ፤ ልጅ አልወለዱም። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን ሽቦ በሜርኩሪ ውስጥ ከቆመ ማግኔት ዙሪያ እንዲሽከረከር አደረገ፤ ይህ የኤሌክትሪክ ሞተር መጀመሪያ ነው። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ዊልያም ዎላስተን የተባለ የታወቀ ምሁር በተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ከዴቪ ጋር ይሠራ ነበርና፣ ፋራዴይ ስሙን ሳይጠቅስ ግኝቱን በማሳተሙ ሐሳብ ሰርቋል የሚል ወሬ ተነሣበት። ለሮያል ሶሳይቲ አባልነት በታጨ ጊዜ የማኅበሩ ፕሬዝዳንት ዴቪ ተቃወመው። በጥር 1824 ምርጫው ሲደረግ ግን የተቃወመው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ፋራዴይ ስለ ዴቪ ክፉ ተናግሮ አያውቅም፤ ሆኖም ዴቪ በ1829 እስኪሞት ድረስ ወደ ኤሌክትሪክ ምርምር በሙሉ ልብ አልተመለሰም። የሁለቱ ነገር ምክንያት ይሁን አይሁን የታሪክ ጸሐፊዎች ያከራክራሉ።

1831

ነሐሴ 29 ቀን 1831 ፋራዴይ በአንድ የብረት ቀለበት ግራና ቀኝ ሁለት ጥቅል ሽቦ ጠመጠመ። አንዱን ጥቅል ከባትሪ ጋር፣ ሌላውን ከኮምፓስ መርፌ በላይ ከሚያልፍ ሽቦ ጋር አገናኘ። ባትሪው እንደተያያዘ ዝም ሲል መርፌው አይንቀሳቀስም። ሲገጠምና ሲነቀል ብቻ ይወዛወዛል። ኤሌክትሪክን የሚወልደው ማግኔቱ መኖሩ ሳይሆን መለወጡ ነበር። በጥቅምት ወር የማግኔት ዘንግ በጥቅል ሽቦ ውስጥ በማስገባትና በማውጣት ተመሳሳይ ውጤት አገኘ፤ ቀጥሎም በማግኔት ዋልታዎች መካከል የመዳብ ዝርግ ክብ በማሽከርከር የመጀመሪያውን ጀነሬተር ሠራ። በግድብ ተርባይን ላይ ያለ ጀነሬተርም ሆነ በመንገድ ዳር ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ትራንስፎርመር ከዚህ የተለየ መርህ የለውም።

የወንዙ ሙከራ

ከዚህ ቀጥሎ ፋራዴይ የሠራው ሙከራ አልተሳካለትም፤ ቢሆንም አስተሳሰቡን በደንብ ስለሚያሳይ ማንሣት ይገባል። የመዳብ ክብ በማግኔት መስክ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ከወለደ፣ ምድር ራሷ ማግኔት ናትና በላይዋ የሚፈስ ወንዝም ኤሌክትሪክ መውለድ አለበት ብሎ አሰበ። በጥር 1832 በለንደን ዋተርሉ ድልድይ ላይ 960 ጫማ (293 ሜትር ያህል) የመዳብ ሽቦ ዘረጋ። ከሁለቱ ጫፎች የብረት ሰሌዳ የታሰረባቸው ሽቦዎች ወደ ቴምዝ ወንዝ አወረደ፤ መሐል ላይ መለኪያውን አስገባ። ለሦስት ቀን የመለኪያው መርፌ ተንቀሳቀሰ፤ ነገር ግን በሥርዓት አልነበረም። የውሃው ንጽሕና በሁለቱ ዳርቻ አንድ አልነበረም፤ ሙቀቱም ይለያይ ነበር፤ ሰሌዳዎቹና ብየዳቸውም የየራሳቸውን አነስተኛ ቮልቴጅ ይፈጥሩ ነበር። ፋራዴይ ሙከራው እንዳልተሳካ በግልጽ ጻፈ፤ ሐሳቡን ግን አልተወም። ዛሬ በቧንቧ ውስጥ የሚያልፍ ውሃ መጠን የሚለካባቸው ኤሌክትሮማግኔቲክ መለኪያዎች የሚሠሩት በዚሁ መርህ ነው።

ቮልቴጁ ምን ያህል ሊሆን ይችል እንደነበር ዛሬ ማስላት ቀላል ነው፤ የመስኩ ጥንካሬ፣ የውሃው ፍጥነትና የወንዙ ስፋት ይባዛሉ። ከዳር እስከ ዳር ላለው ቮልቴጅ የሚቆጠረው ግን ወደ ታች የሚያመለክተው የመስኩ ክፍል ብቻ ነው። በለንደን ይህ ክፍል በግምት 45 ማይክሮቴስላ ነው። ውሃው በሰከንድ 1 ሜትር ቢጓዝ በ293 ሜትር ላይ 13 ሚሊቮልት ገደማ ይገኛል። ከሰሌዳዎቹና ከብየዳው የሚመጣው ስሕተት ይህን ለመሸፈን በቂ ነበር።

ይህ ሙከራ በጋምቤላ ከተማ፣ በባሮ ድልድይ ላይ ቢደገም ውጤቱ ሌላ ይሆናል። የምድር ማግኔት ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ጣቢያ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲቋቋም አንዱ ምክንያት ከተማዋ ለዚህ መስመር ቅርብ መሆኗ ነው። ጋምቤላም ከመስመሩ ብዙ አይርቅም። በዚህ አካባቢ የምድር መስክ ከደቡብ ወደ ሰሜን አግድም ይተኛል ማለት ይቻላል፤ ወደ ታች የሚያመለክተው ክፍል እጅግ ትንሽ ነው። ስለዚህ በባሮ ከዳር እስከ ዳር ሽቦ የሚዘረጋ ሰው ከፋራዴይም ያነሰ ቮልቴጅ ያገኛል። ይሁን እንጂ ባሮ ወደ ምዕራብ ስለሚፈስ ሰሜናዊውን መስክ ይቆርጠዋል፤ ቮልቴጁም የሚፈጠረው ከዳር ዳር ሳይሆን ከውሃው ወለል እስከ ታች ነው። በሰከንድ 1 ሜትር ለሚጓዝ ውሃ በአንድ ሜትር ጥልቀት 35 ማይክሮቮልት ገደማ ይሆናል። ሕጉ አንድ ነው፤ የተለየው የመስኩ አቅጣጫ ነው።

ቻርጅና መስክ

ፈረንሳዊው ሻርል ኦጉስተን ደ ኩሎም በ1785 በሁለት ቻርጆች መካከል ያለው ኃይል በርቀታቸው ካሬ ልክ እንደሚቀንስ አሳይቶ ነበር። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ሩብ ይሆናል። የዘመኑ ሒሳብ አዋቂዎች በዚህ ረክተው ነበር። አንዱ ቻርጅ እዚህ፣ ሌላው እዚያ፤ በመሐል ምንም የለም፤ ኃይሉ ባዶውን ዘልሎ ይደርሳል። ፋራዴይን ያላረካው ይህ መዝለል ነው።

በ1836 በሮያል ኢንስቲትዩሽን አዳራሽ ጎኑ 12 ጫማ (3.7 ሜትር ገደማ) የሆነ ትልቅ ሣጥን ከእንጨት አሠርቶ በሽቦና በቆርቆሮ ወረቀት ሸፈነው። ከመሬት ለይቶ በኃይለኛ መሣሪያ ቻርጅ አደረገውና ሻማና የቻርጅ መለኪያ ይዞ ውስጡ ገባ። ከውጭ ብልጭታ እየዘለለ ሳለ እርሱ ውስጥ ሆኖ ምንም የቻርጅ ምልክት አላገኘም። ቻርጁ በሙሉ በውጩ ገጽ ላይ ነበር። ዛሬ የፋራዴይ ቤት (ኬጅ) የሚባለው ይህ ነው፤ መብረቅ ሲመታ በብረት መኪና ውስጥ ያለ ሰው የሚድነው በዚሁ ምክንያት ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ግን ብቻውን እንዲህ ዓይነት ጥበቃ አይሰጥም፤ ዙሪያውን አልዘጋምና።

በ1843 የተገለጸው የባልዲ ሙከራው ደግሞ በማንኛውም ትምህርት ቤት ሊሠራ ይችላል። የብረት ባልዲ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ነገር ላይ ይቀመጣል፤ ቻርጅ የተደረገ የናስ ኳስ በሐር ክር ታስሮ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ከባልዲው ውጭ የተገጠመው መለኪያ ወዲያው ይነሣል። ኳሱ በደንብ ከወረደ በኋላ ወዲያና ወዲህ ቢል መለኪያው አይለወጥም። ኳሱ የባልዲውን ታች ሲነካ እንኳ መርፌው ባለበት ይቆያል፤ ኳሱ ሲወጣ ግን ቻርጅ አልባ ሆኖ ይገኛል። ኳሱ ከመንካቱ በፊት በባልዲው ላይ የቀሰቀሰው ቻርጅ ከራሱ ጋር ፍጹም እኩል ነበር ማለት ነው።

ከነዚህ ሁሉ ክብደት ያለው በ1837 ያደረገው ነው። በሁለት የብረት ሉሎች መካከል ያለውን አየር አውጥቶ በድኝ ወይም በመስታወት ሲተካው ሉሎቹ የሚይዙት ቻርጅ ጨመረ። ኃይሉ በመሐል ያለውን ቦታ ዘልሎ የሚያልፍ ቢሆን ኖሮ በዚያ ያለው ነገር ባላገባው ነበር። የቻርጅ መያዣ አቅም መለኪያ የሆነው ፋራድ በስሙ የተጠራው ስለዚህ ነው።

ፋራዴይ መስክን የሚያስበው በመስመሮች ነበር። በወረቀት ሥር ማግኔት አስቀምጦ ከላይ የብረት ፍቅፋቂ ሲበትን ፍቅፋቂው ከዋልታ ወደ ዋልታ ተሰልፎ ቅስት ይሠራል። እነዚህን ሥዕሎች ሰም በተቀባ ወረቀት ላይ አትሞ ያስቀምጣቸው ነበር። መስመሮቹ በሚጠጉበት መስኩ ብርቱ፣ በሚራራቁበት ደካማ ነው። መስክ የሚለውን ቃል በ1845 በማስታወሻ ደብተሩ መጠቀም ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ማግኔት በብርሃን ላይ ተጽዕኖ እንዳለውም አሳየ።

ብዙዎቹ የዘመኑ ሊቃውንት ግን ሙከራዎቹን እያደነቁ መስመሮቹን አልተቀበሉም። ሒሳብ የማያውቅ ሰው ለራሱ የፈጠረው መደገፊያ አድርገው ቆጠሯቸው። ሐሳቡን በቁም ነገር የያዙት ወጣቶች ነበሩ፤ መጀመሪያ ዊልያም ቶምሰን፣ ኋላም ኤሌክትሪክ ከማግኔት በተወለደበት በ1831 የተወለደው ጄምስ ክለርክ ማክስዌል። ማክስዌል በ1850ዎቹ አጋማሽ ስለ ፋራዴይ መስመሮች የጻፈውን ጥናት በ1857 ላከለት። ፋራዴይ ያ ሁሉ ሒሳብ መጀመሪያ እንዳስደነገጠው፣ ቀጥሎም ሐሳቡ ሒሳቡን ችሎ መቆሙ እንዳስደነቀው መለሰ። በዚያው ዓመት በጻፈው ሌላ ደብዳቤ የሒሳብ ሰዎች የደረሱበትን ውጤት ሙከራ ለሚሠራ ሰው በተራ ቋንቋ ሊጽፉለት አይችሉ እንደሆነ ጠየቀ። ማክስዌል በ1865 ባሳተመው ጥናት ብርሃን የዚሁ መስክ ሞገድ መሆኑን ሲያሳይ ፋራዴይ ነገሩን ለመከታተል አቅም አልነበረውም።

መምህርነቱ

ፋራዴይ ከ1827 እስከ 1861 መጀመሪያ ድረስ 19 ጊዜ ለልጆች የሚሰጠውን የገና ትምህርት አስተምሯል። ስለ ሻማ የሰጠው ትምህርት በመጽሐፍ ታትሞ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። በንግግሩ ውስጥ ሙከራ የሌለበት ጊዜ አልነበረም። አንድ ጊዜ የማግኔትን ኃይል ለማሳየት የእሳት መቆስቆሻና መቆንጠጫ፣ ቀጥሎም ከሰል የሞላ ባልዲ ወደ ትልቅ ኤሌክትሮማግኔት ወርውሮ ሁሉም ተጣብቀው እንደቀሩ ይነገራል። የሚያስተምረውን ነገር ተማሪው በዓይኑ ካላየው እንዳልተማረ ይቆጥር ነበር።

የቻርጅ ሙከራ ግን በሁሉም ቦታ አይመችም። እንደ ጋምቤላ ባለ ሞቃትና በክረምት እርጥበት በሚበዛበት ቆላ በዕቃዎች ላይ የሚያርፈው ስስ የውሃ ሽፋን ቻርጁን ቶሎ ያፈስሰዋል፤ በበጋ የተሳካው ሙከራ በሐምሌ እምቢ ይላል። የኤሌክትሪክ መስክን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለማሳየት የኮምፒውተር ማስመሰያዎች (ሲሙሌሽኖች) የሚጠቅሙት አንዱ በዚህ ነው። ሌላው ምክንያት ቋንቋ ነው። በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ሲሆን የአኙዋ፣ የኑዌር፣ የመዠንግር፣ የኦፖ ወይም የኮሞ ቋንቋ ተናጋሪ የሆነ የጋምቤላ ተማሪ የመስክን ትርጉም የሚያገኘው በውሰት ቋንቋ ነው። ሥዕሉ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ከታወቁት ማስመሰያዎች መካከል ፌት የሚባሉት ይገኙበታል። ፕሮጀክቱን በ2002 በአሜሪካ የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የጀመረው በ2001 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ካርል ዋይማን ነው። በነጻ የሚሰጡ ሲሆኑ አዲሶቹ አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠሩ በፍላሽ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ይቻላል። አንዱ ማስመሰያ በፋራዴይ ሕግ ስም የተሰየመ ነው፤ ተማሪው ማግኔት በጥቅል ሽቦ ውስጥ ሲያመላልስ አምፖሉ ይበራል፤ እጁን ሲያቆም ይጠፋል። ይህ የ1831ዱ ሙከራ ነው።

ቻርጆችና መስኮች የሚባለው ማስመሰያ ደግሞ ባዶ ጥቁር ሰሌዳ ይሰጣል። ተማሪው አዎንታዊና አሉታዊ ቻርጆችን እየጎተተ ያስቀምጣል፤ እያንዳንዳቸው 1 ናኖኩሎም ናቸው። ሰሌዳው ወዲያው በቀስቶች ይሞላል፤ መስኩ ብርቱ በሆነበት ቀስቱ ይደምቃል፣ በደከመበት ይደበዝዛል። ከኋላ የሚሠራው የኩሎም ሕግ ነው። ኮምፒውተሩ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የሁሉንም ቻርጆች አስተዋጽኦ ከነአቅጣጫው ይደምራል፤ ቻርጁ በተነቃነቀ ቁጥር እንደገና ያሰላል። ከአንድ ቻርጅ 1 ሜትር ርቆ መለኪያ ቢቀመጥ 9 ቮልት በሜትር ገደማ ያሳያል፤ በ2 ሜትር 2.25፣ በግማሽ ሜትር ደግሞ 36 ይሆናል። ተማሪው ቀመሩን ከመሸምደዱ በፊት ሩብና አራት እጥፍ መሆኑን በራሱ ያገኘዋል።

ማስመሰያው የማያሳየውም አለ። ብረት የሚባል ነገር ስለሌለበት የባልዲውም ሆነ የሣጥኑ ሙከራ በእርሱ አይሠራም፤ እነዚህን በእውነተኛ ባልዲ መሥራት የግድ ነው። የፋራዴይን መስመሮችም አይስልም፤ የመስኩን አቅጣጫ የሚያሳየው በቀስቶች ነው። መስመሩን ማግኘት የፈለገ ተማሪ ወረቀት ይዞ፣ ቀስቱ ወደሚያመለክትበት ትንሽ እየሄደ፣ ከአዎንታዊው ቻርጅ ተነሥቶ አሉታዊው ላይ እስኪደርስ ድረስ ራሱ መሳል አለበት።

የመጨረሻ ዓመታት

ከ1830ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፋራዴይን ራስ ማዞርና የመርሳት ሕመም ያስቸግረው ነበር። የሠራውን እንዳይረሳ የማስታወሻ ደብተሩን አንቀጾች በተራ ቁጥር ይጽፍ ነበር፤ ቁጥራቸው ከ16,000 በላይ ደርሷል። በ1862 የመጨረሻውን ምርምር አደረገ። ማግኔት ከእሳት ነበልባል የሚወጣውን ብርሃን ቀለም ይለውጥ እንደሆነ ፈልጎ ምንም አላገኘም፤ ለውጡን በ1896 ፒተር ዜማን በተሻለ መሣሪያ አገኘው።

የሰርነት ማዕረግንና የሮያል ሶሳይቲን ፕሬዝዳንትነት አልቀበልም ብሏል። በ1858 ንግሥት ቪክቶሪያ በሃምፕተን ኮርት የሰጠችውን ቤት ግን ተቀብሎ በዚያ ኖረ። ነሐሴ 25 ቀን 1867 ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ዐረፈ። የእንግሊዝ መንግሥት በመቅደላ በአፄ ቴዎድሮስ የታሰሩትን ለማስለቀቅ ጦር ለመላክ የወሰነው በዚያው ወር ነው። የተቀበረው በዌስትሚንስተር አቢ ሳይሆን በሃይጌት መቃብር፣ ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ለሆኑ አማኞች በተለየው ቦታ ነው። በድንጋዩ ላይ ስሙና ቀኖቹ ብቻ ተጽፈዋል።